ኢስዓፉ ከሄደ በኋላ

ዑድ ከሪያድ መሐል ወደ ደቡብ የሚገኝ አሮጌ ሰፈር ነው። የሌላ አገር ሰው በመቃብሩ ያውቀዋል፤ ንጉሥ አብዱልአዚዝም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የሞቱት ንጉሥ አብዱላህም የተቀበሩት ሐውልት በሌለበት በዚሁ የዑድ መካነ መቃብር ነው። የእኛ የኢትዮጵያ ሰው ግን ዑድን የሚያውቀው በመንፉሐ ሰፈር ጎረቤትነቱ ነው። አንዱን ክፍል ለአምስት ለስድስት የተከራዩ እህቶች የሚያድሩበት፣ ከማዳም (ከአሠሪዋ) ቤት የወጣች ልጅ ሌላ ሥራ እስክታገኝ የምትጠጋበት አካባቢ ነው።

እንበል፣ በረመዳን፣ ለፊጥራ ሁለት ሰዓት ሲቀር፣ ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ ከወሎ የመጣች የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ላብ አጠመቃት። የስኳር ሕመም አለባት፤ ጾማለች። መቀባጠር ጀመረች፣ ከዚያ ዝም አለች። ጓደኞቿ ተደናግጠው 997 ደወሉ። የቀይ ጨረቃ ኢስዓፍ (አምቡላንስ) መጣ። ባለሙያው ጣቷን ወግቶ ሲለካ ስኳሯ 41 ነው፤ ከ70 በታች መውረድ የለበትም። በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጣት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኗን ገልጣ «ምን ሆኜ ነው?» አለች። እንደገና ሲለካ 124 ሆኗል። ስሟን፣ ቀኑን፣ ያለችበትን ሁሉ በትክክል ተናገረች። ወደ ሆስፒታል እንውሰድሽ ሲላት ደግሞ «ኧረ ተዉኝ፣ ድኛለሁ፤ የትም አልሄድም» አለች።

እዚህ ላይ ኢስዓፉ ባዶውን ቢመለስ ልክ ነው? የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ይኸው ነው። በዓለም ዙሪያ ከሃያ ዓመት በላይ ሲጠና የቆየ ጥያቄ ነው። የተጠናው ግን በአብዛኛው ቤቱ የራሱ በሆነ፣ ቋንቋው ከሐኪሙ በማይለይ፣ ነገ ቢደውል በማይፈራ በሽተኛ ላይ ነው። ጥናቶቹን ይዤ ወደ ዑድ የምመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አምቡላንስ ሲጀመር ማጓጓዣ ነበር። የሳዑዲው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1934 የተመሠረተው ሐጃጆችን የሚረዳ የበጎ አድራጎት የአምቡላንስ ማኅበር ሆኖ ነው፤ ቀይ ጨረቃ የሚለውን ስም ያገኘው በ1963 ነው። የኛውም ቀይ መስቀል በ1935 ጦርነት ሲያንዣብብ ሲቋቋም ዋና ሐሳቡ ቁስለኛን ማንሳት ነበር። ቁስለኛን አንስቶ ማድረስ የሙያው መሠረት በመሆኑ፣ ሕመምተኛን አክሞ በቦታው መተው ለረጅም ጊዜ እንደ ሥራ መጓደል ተቆጥሯል። የገንዘቡም አሠራር ይህንኑ ያጠናክራል። በአሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድን ለአምቡላንስ የሚከፍለው ሰው ሲጫን ብቻ ነው። ይህን ለመለወጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነና በ2021 የተጀመረ፣ በቦታው ለታከመ በሽተኛም የሚከፍል የአምስት ዓመት ሙከራ ነበር። ተሳታፊው ከተጠበቀው በማነሱ ጊዜውን ሳይጨርስ በ2023 መጨረሻ ተዘጋ።

እንግሊዝ በሌላ መንገድ ሄደች። የአምቡላንስ ባለሙያዎቿን አስተምራ ከፍ አደረገችና እዚያው አክመው እንዲተዉ ፈቀደችላቸው፤ ዛሬ ከአሥር ጥሪ ሦስት ያህሉ የሚቋጨው በሕመምተኛው ቤት ነው። ለዚህ እርምጃ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ በሼፊልድ ከተማ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ፣ ወድቀው ወይም ቀላል ጉዳት ደርሶባቸው የደወሉ 3,018 ሰዎች ተካተውበታል። ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ካያቸው ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የገቡት 62.6 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው አሠራር የታዩት ግን 87.5 በመቶ ገብተዋል። በ28 ቀን ውስጥ በሞቱት ቁጥር ላይ የጎላ ልዩነት አልታየም። ፈረንሳይ ደግሞ ሐኪሙን ራሱን ስልክ ላይ አስቀምጣ፣ ሲያስፈልግም መኪናው ላይ ጭና ትልካለች፤ ስለዚህ የመተው ውሳኔ እዚያ የሐኪም ውሳኔ ነው።

እነዚህን አገሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ወጥ መልስ አናገኝም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ ያለ መጓጓዣ የሚቀሩ ሕመምተኞችን ድርሻ ሲያነጻጽር በአንዱ ቦታ 3.7 በመቶ፣ በሌላው 93.7 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ይህን ያህል ስፋት በበሽታ ልዩነት አይመጣም። ባለሙያው ምን ተማረ፣ ሲጠራጠር ለማን ይደውላል፣ ሕጉ ምን ይላል፣ ከሄደ በኋላ ሰውየውን ማን ያየዋል የሚሉት ጉዳዮች ናቸው ቁጥሩን የሚያሰፉት። እኔ ከሁሉ የሚከብደኝ የመጨረሻው ነው።

ወደዚያች ሴት ልመለስ። የስኳር ማነስ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ሞት አፋፍ የደረሰን ሰው ሕክምናው በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሰዋልና። የአሜሪካ የአምቡላንስ ኃላፊዎች ማኅበር ያወጣው ሞዴል መመሪያ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ በቦታው ለመተው ብዙ ነገር ባንድነት እንዲሟላ ይጠይቃል። ስኳሩ ዳግም ሲለካ ከ80 በላይ ይሁን፤ አእምሮው ሙሉ በሙሉ ይመለስ፤ የሚወስደው መድኃኒት ኢንሱሊን ወይም ሜትፎርሚን ይሁን፤ ለምን እንደወረደበት ይታወቅ፤ ሌላ ሕመም አይኑርበት፤ ወዲያው የሚበላው ምግብ ይኑር፤ አብሮት የሚቆይ የሚታመን አዋቂ ሰው ይኑር።

የሚነበበው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ዑድ ላይ ግን እያንዳንዱ ቃል ይፈትናል። ስኳሯ 124 ነው፤ አለፈች። አእምሮዋ ተመልሷል። ምክንያቱ ጾም መሆኑ ግልጽ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች፣ ሳዑዲን ጨምሮ፣ 12,243 የስኳር ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት በረመዳን ወር ለሆስፒታል የሚያበቃ የስኳር መውረድ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም 7.5 እጥፍ፣ በመጀመሪያው 4.7 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። እና «ጾሜ ነው» ስትል ታሪኳ ይታመናል። ችግሩ የሚመጣው ምግቡ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ራሱ ጾም ከሆነ፣ ጓደኞቿ ያቀረቡላትን ተምር ትበላለች ወይስ ፀሐይ እስክትጠልቅ እጠብቃለሁ ትላለች? ሃይማኖቷ ለታመመ ሰው ፈቅዷል፤ እሷ ግን ጾሟን መፍታት ከመታመም በላይ የሚከብዳት ልትሆን ትችላለች። ባለሙያው ቁጭ ብሎ ስትበላ ማየት አለበት። እበላለሁ ማለቷ አይበቃም።

የሚታመን አዋቂ ሰውስ? በዑዱ ክፍል ውስጥ አምስት ሴቶች አሉ፤ ሌሊት ግን ሦስቱ ሥራ ይገባሉ፣ አንዷ ስልኳ ካርድ የለውም። የእነሱ መኖር ራሱ ግን ይሻላል። እዚያው ከተማ፣ ሰሜኑ ክፍል ቪላ ውስጥ ብቻዋን የምትሠራ ልጅ ብትሆን፣ መመሪያው «አብሮት የሚቆይ» የሚለው ሰው ማን ሊሆን ነው? ማዳሟ ትሆን? ከኩሽና ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የተኛች ልጅ ሌሊት ብትቀባጥር የሚሰማት አይኖርም። ቤቱ በሰው የተሞላ መሆኑና እሷን የሚያይ ሰው መኖሩ ይለያያል። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች «ቤት» ሲሉ እንዲህ ያለውን ቤት አላሰቡም ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን የመድኃኒቱ ነገር አለ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

«አልሄድም» ማለቷን እንየው። በብዙ አገር አምቡላንሱ ባዶውን ሲመለስ ቅጹ ላይ የሚጻፈው «ሕመምተኛው እምቢ አለ» ነው። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በውስጡ ብዙ ዓይነት እምቢታ ይደብቃል። አንዱ የገባው ሰው እምቢታ ነው፤ አደጋውን ሰምቶ፣ አስቦ፣ አልፈልግም ያለ። ይህ መከበር አለበት። ሌላው የፈራ ሰው እምቢታ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሌላ ሰው አፍ የተነገረ እምቢታ ነው፤ ባለሙያው በዐረብኛ ሲጠይቅ ማዳሟ ቀድማ «ደህና ናት፣ አርፋ ትነሳለች» ትላለች፤ ልጅቱም አንገቷን ትነቀንቃለች። ቅጹ ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአሠሪ ቤት የወጣች ልጅ ሁሩብ (ጠፋች) ተብላ ተመዝግባ ይሆናል፤ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ተቃጥሏል። ሹሜሲ የሚለውን ስም ብቻ እንመልከት። ለሪያድ ሰው ሹሜሲ ማለት ዛሬ የንጉሥ ሳዑድ ሜዲካል ሲቲ የሚባለው፣ ከዑድ ብዙም የማይርቅ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ጂዳ ለኖረ ኢትዮጵያዊ ግን ሹሜሲ ማለት ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ያለው የተርሒል (ወደ አገር የመመለሻ) እስር ቤት ነው። ከጂዳ ወደ ሪያድ የመጣችን ልጅ «ሹሜሲ እንወስድሻለን» ብላችሁ ንገሯት፤ ምን እንደምትሰማ መገመት አያዳግትም። በዚያ ላይ የኅዳር 2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የመንፉሐ ትዝታ አለ። ሕጋዊ ወረቀት ለሌላቸው ሠራተኞች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ባለቀ በቀናት ውስጥ ግጭት ተነስቶ ሰው ሞተ፤ በቀጣዮቹ ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያኔ ሕፃን የነበረ እንኳ ከእናቱ ሰምቶታል። የደንብ ልብስ የለበሰ ሁሉ፣ ቀይ ጨረቃ ደረቱ ላይ ያለውም ቢሆን፣ ከሹርጣ (ከፖሊስ) ተለይቶ አይታይም።

እውነታው ከፍርሃቱ የተሻለ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ይህም ለወገን መነገር አለበት። ኢስዓፉ ለመጣበት ገንዘብ አይጠይቅም። ሕይወት የሚያሰጋ ሕመምን የግል ሆስፒታልም ቢሆን ክፍያ አስቀድሞ ሳይጠይቅ እንዲቀበል የሳዑዲ ሕግ ያዛል። የመድኑ ጉዳይ ግን ክፍተት አለው። ከሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጤና መድን ግዴታ የሆነው ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ላለው አሠሪ ነው። አንዲት ልጅ ብቻ የምትሠራበት ቤት፣ ማለትም ብዙው ቤት፣ ከግዴታው ውጭ ነው። ድንገተኛው ሕክምና ካለፈ በኋላ ያለው ክትትል ማን ይከፍለዋል የሚለው እዚህ ላይ ይንጠለጠላል። አክሞ መተው ደግሞ ክትትል ከሌለው ግማሽ ሕክምና ነው።

ስለዚህ የፈራ ሰው እምቢታ ሲገጥም ባለሙያው ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ልጅቱን ለብቻዋ ማናገር፤ ማዳሟን በትሕትና ከክፍሉ ማስወጣት፤ በስልክ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚችል ሰው መፈለግ፤ «እኛ ፖሊስ አይደለንም» የሚለውን በግልጽ መናገር። ከዚያ አደጋውን ነግሮ፣ ምን እንደተረዳች በራሷ ቃል እንድትመልስ መጠየቅ። አንገት መነቅነቅ መልስ አይደለም። ስኳሯ የወረደባት ሴት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የምትናገረው እምቢታ ዋጋ የለውም፤ አእምሮ ከደሙ ስኳር ዘግይቶ ነው የሚመለሰው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ። የእንግሊዝ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው የማስጠንቀቂያ ነጥብ ትንፋሽን፣ ኦክስጅንን፣ የደም ግፊትን፣ የልብ ምትን፣ ንቃትንና ሙቀትን ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ 5 ሲደርስ ፈጥኖ ሐኪም ማየት አለበት፣ 7 ደግሞ ድንገተኛ ነው። ለመተው ወይም ለመውሰድ ሲወሰን ይህ ቁጥር ይረዳል። የሚያሳስተው ግን ዝቅ ሲል ነው። በሕመሙ ገና መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው ቁጥሩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሆዱን የሚያመው አዛውንት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰደ ጭንቅላቱን የተመታ፣ መድኃኒት ከመጠን በላይ የዋጠ ሰው፣ ሁሉም ለሰዓታት ደህና ሊመስሉ ይችላሉ። የመጨረሻው በተለይ፣ ምንም ያህል ጤነኛ ቢመስል፣ ምንም ያህል ቢለምን፣ ብቻውን የሚተው አይደለም። በጭንቀት ተውጣ እንዲህ ያደረገች እህት ከአካሏ ሕክምና ሌላ የሚያዳምጣት ሰው ያስፈልጋታል፤ ያ ሰው ደግሞ በዚያች ክፍል ውስጥ የለም።

መሣሪያ የሚያሳስትበት ሌላም ጊዜ አለ። የሪያድ ክረምት ቀዝቃዛ ነው። ሌሊቱን ከሰል አቀጣጥሎ መሞቅ የዐረቡም ልማድ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ መስኮት በሌላት ክፍል በሩን ዘግቶ ቡና ያፈላል፣ ዕጣን ያጨሳል። ሦስተኛው ሲኒ ሳይደርስ አንዷ «ራሴን» ትላለች፤ ሌላዋ ያጥወለውላታል። ኢስዓፍ መጥቶ በር ሲከፈት፣ ንጹሕ አየር ሲገባ፣ ሁሉም ይሻላቸዋል። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያም 98 ያነባል። ይህ መለኪያ ግን የከሰል ጭስ መርዝ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው ደም መለየት አይችልም፤ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይቆጥራል። 98 ያነበበባት ሴት ነፍሰ ጡር ብትሆን ሕፃኑ ከእሷ የባሰ አደጋ ላይ ነው። ከሰል የነበረበት ክፍል ውስጥ ራሱን ያመመውን ሰው መለኪያ አምኖ መተው አይገባም።

ስለዚሁ መለኪያ ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ያነበበላቸውን ሕመምተኞች በደም ምርመራ አጣራ። ትክክለኛው ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ወርዶ የተገኘው ከነጮቹ 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበር። ሦስት እጥፍ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ክሎሮክስን ከሌላ ማጽጃ ጋር ቀላቅላ ጭሱ ደረቷን ላቃጠላት ሐበሻ ልጅ፣ 93 ቁጥር ሲነበብ «ይበቃል» ማለት ከባድ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ሳል ካላት፣ ደረቷ ከተጨነቀ፣ ቁጥሩ ጥሩም ቢሆን ትሂድ፤ የሳንባው ጉዳት ዘግይቶም ይመጣል።

ስለ ሙቀት ብዙ አልልም። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት በሳዑዲ የተከለከለ ነው፤ ያም ሆኖ ጥላ ሥር የሚሠራም በሙቀት ይወድቃል። ደክሞት፣ ልቡ አጥወልውሎት፣ ግን በቅጡ የሚናገር ሰው ቀዝቅዞ፣ ጠጥቶ፣ አርፎ ከተሻለው መቆየት ይችላል። የሚቀባጥር ከሆነ ግን እዚያው ማቀዝቀዝ ይጀመርና ይጫናል። እንዲሁም የሚጥል በሽታ እንዳለበት የታወቀ ሰው እንደ ወትሮው ለአጭር ጊዜ ጥሎት ሙሉ በሙሉ ከነቃ፣ የሚያየው ሰው ካለ፣ ቤቱ ሊቆይ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለው፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆየበት፣ እርጉዝ የሆነች፣ ይሄዳሉ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ ከአምቡላንስ በፊት በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው ቀበሌ ገብተዋል። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ሳል የያዘውን ሕፃን ትንፋሽ ቆጥረው፣ የሳንባ ምች ነው ካሉ መድኃኒት ሰጥተው ከእናቱ ጋር ወደ ቤቱ ይመልሱታል። ሐኪም አይደሉም። ግን ሥርዓታቸው ከብዙ አገር የአምቡላንስ ቅጽ ይልቅ የተሟላ ነው እላለሁ። የአደጋ ምልክቶቹ ጥቂትና ግልጽ ናቸው፦ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንዘፈዘፈው፣ የደነዘዘ ወይም ራሱን የሳተ። አንዱ ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ካልታየ ደግሞ እናትየዋ ምን ሲሆን ፈጥና እንደምትመለስ በቋንቋዋ ይነገራታል፤ በሁለተኛው ቀን ልጁ ዳግም ይታያል። ያቺ የሁለተኛ ቀን ቀጠሮ ነች ቤት መመለሱን ሕክምና የምታደርገው።

በአምቡላንሱ በኩል ነገሩ ገና ነው። በገጠር ለወረዳዎች የተሰጡት አምቡላንሶች ዋና ሥራቸው ምጥ የያዛትን እናት ማድረስ ሆኖ ቆይቷል፤ ያም ሕይወት አትርፏል። አዲስ አበባ ላይ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታሉ የማደንዘዣ ባለሙያ ክብረት አበበ ቤቱን ሸጦ በሦስት መኪና ጠቢታ አምቡላንስን ሲጀምር ብዙ ሰው አምቡላንስን የሬሳ መኪና አድርጎ ነበር የሚያስበው። አክሞ የመተው ሥራ የሚጠይቀው ባለሙያ ገና በመሠልጠን ላይ ነው።

ሪያድ ግን መሣሪያው አላት። በንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ በድንገተኛ ሕክምና ብቻ የሚያስተምር የልዑል ሱልጣን ኮሌጅ አለ። የጤና ሚኒስቴሩ 937 የስልክ መስመር ቀንና ሌሊት የሐኪም ምክር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የተከፈተው ሲሃ ምናባዊ ሆስፒታል ከሪያድ ሆኖ የአገሪቱን ሆስፒታሎች በርቀት ያማክራል። ቤት የቀረችን ሕመምተኛ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በማግስቱ፣ በአማርኛ ደውሎ «በላሽ? ለካሽው? ማን አብሮሽ አለ?» ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የበለጠ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም። አማርኛ ተናጋሪውም በከተማዋ ሞልቷል።

ዑድ ያለው ክፍል ውስጥ ባለሙያው ቅጹን ከማስፈረሙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «የምትወስጅው መድኃኒት ምንድን ነው?» ስሙን አታውቀውም፤ ጓደኛዋ ግን ከሻንጣ ውስጥ የታሰረ ፌስታል አውጥታ ትሰጠዋለች። ዘመድ ከደሴ የላከላት እንክብል ነው። ባለሙያው ገልብጦ ያነባል፤ ግሊቤንክላማይድ። ከኢንሱሊንና ከሜትፎርሚን ጋር በመመሪያው ያልተጻፈው፣ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ዘንድ ግን የተለመደው መድኃኒት ነው። እስከ 24 ሰዓት በሰውነት ውስጥ እየሠራ ስኳሩን ደጋግሞ ያወርዳል፤ አሁን 124 ያለው እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሦስቱ ሥራ ገብተው አንዷ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ተመልሶ 40 ሊሆን ይችላል። ቅጹን ያጥፈዋል። አልጋው አጠገብ ዝቅ ብሎ በተቻለው መጠን ቀስ ብሎ ይነግራታል፤ ጓደኛዋ ቃል በቃል ትተረጉምላታለች። የሚወስዳት ወደ ሆስፒታሉ መሆኑን፣ እስር ቤቱ ሌላ መሆኑን፣ ጓደኛዋም አብራት መኪናው ላይ መውጣት እንደምትችል።